የሰባተኛ ክፍል ልጆቼ ጤናና ውጤት፦ ተግባራዊ ምርምሬን ከየት ልጀምር?

የሒሳብ መምህርት (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

የማስተምረው አርባ ምንጭ አካባቢ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዙሪያውን በሙዝ ማሳ የተከበበ ትምህርት ቤት ነው። ሰባተኛ ክፍል፣ ሒሳብ። አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዘንድሮም እንደ ወትሮው እያንዳንዱ መምህር አንድ ተግባራዊ ምርምር ሠርቶ እንዲያስገባ ተነግሮናል። አምና ስለ ማርፈድ ጽፌ አስገብቻለሁ። ካቻምና ስለ ቤት ሥራ። ሁለቱንም አሁን መልሼ ሳነባቸው አንድም ልጅ አይታየኝም። ዘንድሮ ከልቤ መሥራት ስለፈለግሁ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ደብተር ነው።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ ተማሪ አለችኝ። መስከረም ላይ ከማንም ቀድማ እጇን የምታወጣ ልጅ ነበረች። ኅዳር ላይ በሰጠሁት ፈተና ከ20 ያገኘችው 5 ነው። ወረቀቱን ስመልስላት ልጆቹ ፊት ተቆጣኋት። «ምን ነካሽ? ሰነፍሽ እኮ!» አልኳት። ዝም አለች። ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጣችና «ቲቸር፣ ወባ ይዞኝ ነበር» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ነው የሰማኋት።

ደብተሯን ተቀበልኳት። የሬሾ የመጀመሪያው ትምህርት አለ። ርዕሱን በቀይ እስክሪብቶ አስምራበታለች። ቀጥሎ ሁለት ገጽ ባዶ ትታለች፣ ከጓደኛዋ ልትገለብጥ አስባ ነው። አልገለበጠችም። ከዚያ ፐርሰንቴጅ ይጀምራል፣ ግማሽ ገጽ። እንደገና ባዶ። እነዚያን ባዶ ገጾች ሳገላብጥ አንጀቴ ተላወሰ። ልጅቷ አልሰነፈችም። ሬሾን ያልተማረ ልጅ ፐርሰንቴጅ ከየት ይገባዋል?

ቅዳሜ ዕለት የስም መጥሪያውን ቤት ወሰድኩት። 58 ተማሪዎች ናቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ እያንዳንዳቸው የቀሩበትን ቀን ደመርኩ። ጎኑ ላይ የፈተና ውጤታቸውን ጻፍኩ። ብዙ ቀን የቀሩት አብዛኞቹ ዝቅተኛ ያመጡት ናቸው። ሁሉም ግን አይደሉም። አንዱ ልጅ አሥር ቀን ቀርቶ 17 አምጥቷል። አንዷ ደግሞ አንድም ቀን ሳትቀር 6 ነው ያላት። እዚህ ላይ ግራ ገባኝ።

ሌላም የከነከነኝ ነገር አለ። በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። እኛ ደግሞ የዓመቱን መሠረት የምንጥለው በዚያው ሰሞን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ሁለቱን አገናኝቼ አስቤ አላውቅም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ በየሻይ ቤቱ ስለ መምህሩ፣ ስለ ኩረጃው፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ብዙ ተባለ። እኔም ተናግሬያለሁ። ልጁ ያን ትምህርት ሲማር ጤነኛ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ግን በጆሮዬ አልሰማሁም።

ጥያቄዬ እነዚህ ናቸው። የልጆቹን ውጤት ያወረደው ሕመሙ ነው ወይስ ሌላ ነገር፣ በምን ለይቼ አውቃለሁ? እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም፣ ስለ ሕመማቸው ልጠይቃቸው ይገባኛል? ደግሞስ በዚህ ላይ በደንብ የተጠና ነገር አለ? የምታውቁ እባካችሁ አካፍሉኝ።

መምህር ከጋምቤላ

መምህርት፣ እኛም ዘንድ ያው ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ክፍሉ ይሳሳል። ልጁ ፈተና ካመለጠው ወላጁ የሐኪም ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ እኛም ሌላ ቀን እንፈትነዋለን። ያመለጠውን ትምህርት ግን ማንም መልሶ አያስተምረውም። የጻፍሽውን ሳነብ ይህ ነገር ውስጤን ነካው። ቀጥይበት። እኔም የራሴን ስም መጥሪያ ልቆጥር ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያ

ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። በሙያዬ የማውቀውን ልበል።

በአገራችን ዋና ዋናዎቹ የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ልዩነታቸው ለአንቺ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። ፋልሲፓረም ቶሎ የሚያጠቃ፣ ካልታከመ የሚገድል ነው። በትክክል ከታከመ ግን ከደም ይጠፋል። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ይደበቃል። ልጁ መድኃኒቱን ወስዶ፣ ትኩሳቱ ወርዶ፣ ተሽሎት ትምህርት ቤት ከተመለሰ በኋላ፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ሊነሳበት ይችላል። አዲስ ትንኝ ሳትነድፈው ማለት ነው። ጉበት ውስጥ የተኛውን የሚያጠፋ ፕሪማኩዊን የሚባል መድኃኒት አለ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ለ14 ቀን ነው። ችግሩ ልጁ በሦስተኛው ቀን ይሻለዋል። ተሽሎት ሲሮጥ ያየች እናት ቀሪውን ኪኒን በየቀኑ መስጠቱን ትዘነጋዋለች። አልፈርድባትም። ስለዚህ በዚያች ልጅ ደብተር ላይ ባዶው ገጽ ሁለት ቦታ መሆኑን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ቫይቫክስ ነው። እርግጠኛ መሆን የሚቻለው በምርመራ ነው እንጂ በደብተር አይደለም። ግን ቤተሰቦቿን የታዘዘላትን ጨርሳ እንደወሰደች እንዲጠይቁ፣ ካልጨረሰችም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲመልሷት ንገሪያቸው።

ሁለተኛው ነገር የደም ማነስ ነው። የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላም ልጁ ለሳምንታት ደሙ ሊያንስ ይችላል። ክፍል ውስጥ አለ፣ ስሙ ሲጠራ አቤት ይላል፣ ግን ይደክመዋል፣ ያንቀላፋል፣ ትኩረቱ ይበተናል። ስም መጥሪያሽ ላይ ይህ ልጅ «አለ» ነው። አንድም ቀን ሳትቀር 6 ያመጣችውን ልጅ በዚህ በኩልም አስቢያት። የዓይኗን የታችኛው ቆብ ገለጥ አድርጎ ማየት ፍንጭ ይሰጣል፣ ያንን ግን ለጤና ኤክስቴንሽኗ ተይላት።

መርፌ፣ ጠብታ ደም፣ ምርመራ የሚባል ነገር ውስጥ በፍጹም እንዳትገቢ። የጤና ኬላውን ባለሙያ ግን ቀርበሽ አነጋግሪያት። በየወሩ ስንት በወባ የታመመ እንዳየች መዝገብ አላት። ስም ሳይጠቀስ የወሩን ድምር ብቻ ብትሰጥሽ ከቀሪ ተማሪ ቁጥር ጎን ታስቀምጪዋለሽ።

የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ

የማስተርስ ጽሑፌን በትምህርት ቤት ጤና ላይ ስለሠራሁ ሦስተኛውን ጥያቄሽን እኔ ልውሰደው። አዎ፣ የተጠና አለ። ውጤቱ ግን ሰው እንደሚጠብቀው ቀጥ ያለ አይደለም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው የኬንያው ነው። ምዕራብ ኬንያ፣ ቡሲያ በሚባል አካባቢ፣ 75 ትምህርት ቤቶች በሦስት ቡድን ተከፍለው የሆድ ትላትል መድኃኒት በየተራ ተሰጣቸው። ሥራው የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1998 ነው፣ የታተመው በ2004። ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ሚጌልና ማይክል ክሬመር ናቸው። ክሬመር በኋላ በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ከተካፈሉት አንዱ ነው። ምን አገኙ? ከትምህርት ቤት መቅረት በአንድ አራተኛ ቀነሰ። የፈተና ውጤት ግን አልጨመረም። ልብ በይ፣ ልጆቹ መጡ፣ ውጤታቸው ግን ባለበት ቆመ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን ደግመው ሲፈትሹት ብዙ ክርክር ተነሥቶበታል።

በወባ ላይ ደግሞ ሁለት ጥናት ልጥቀስልሽ። አንዱ ስሪላንካ ነው፣ በ2006 የታተመ። ለተማሪዎች በየሳምንቱ ክሎሮኪን የሚባል የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ለሌሎቹ መድኃኒት የሚመስል ባዶ ኪኒን። መድኃኒቱን የወሰዱት የቀሩበት ቀን ቀነሰ፣ በቋንቋና በሒሳብ ፈተናም ተሻሉ። ሌላው እንደገና ኬንያ ነው፣ ቦንዶ፣ በ30 ትምህርት ቤቶች፣ በ2008 የታተመ። በየተርሙ አንዴ የወባ መድኃኒት ሰጧቸው። የደም ማነስ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ልጆቹ በአንድ ነገር ላይ ትኩረታቸውን ይዘው የመቆየት ችሎታቸው ተሻሻለ። የትምህርት ውጤታቸው ግን እዚህም ልዩነት አላሳየም።

ከዚህ የምወስደው ነገር ይኸው ነው። ጤና ልጁን ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ዓይኑንና ጆሮውን ይከፍትለታል። ከዚያ በኋላ ያለው ያንቺ ሥራ ነው። ያመለጠውን ሬሾ ማንም ካላስተማረው ጤነኛ ሆኖም ፐርሰንቴጅ አይገባውም። የጋምቤላው ወንድማችን ያለው ነገር ለእኔ ከዚህ ሁሉ ጥናት እኩል ይመዝናል።

ስለ መለየቱ። ብዙ የሚታመሙት ልጆች ብዙ ጊዜ የድኻ ልጆች ናቸው። አጎበራቸው የተቀደደ፣ ቤታቸው ለረግረጉ የቀረበ፣ ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ። ስለዚህ የታመመውን ካልታመመው ጋር ብታወዳድሪ የምታወዳድሪው ሕመምን ብቻ አይደለም፣ ኑሮንም ጭምር ነው። ልጅቷን ከክፍሉ ጋር አታወዳድሪያት። ከራሷ ጋር አወዳድሪያት። የፈተናሽን ጥያቄዎች በትምህርቱ ቀን ክፈያቸው። ይህ ጥያቄ መስከረም 27 ካስተማርኩት ነው፣ ያኛው ጥቅምት 10 ካስተማርኩት ነው እያልሽ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ልጅ በነበረበት ቀን ከተማረው ስንቱን መለሰ፣ በቀረበት ቀን ካለፈው ስንቱን መለሰ ብለሽ ቁጠሪ። ያው አንድ ልጅ፣ ያው አንድ ቤት፣ ያው አንድ ኪስ። ልዩነቱ የቀን ነው።

የሒሳብ መምህርት (ጠያቂ)

ይህን ሳነብ ተነሥቼ የፈተና ወረቀቶቹን አወጣሁ። ለዚያች ልጅ ሠራሁት። ያገኘቻት 5 ነጥብ በሙሉ በነበረችባቸው ቀናት ካስተማርኩት ነው። ከቀረችበት አንድም አልመለሰችም። አንድም። የሌሎቹን ገና እየሠራሁ ነው፣ አሥር ማርክ የቀነስኩበትን ወረቀት እንደ አዲስ እያነበብኩ ነው ያለሁት።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የቀሩት ሁሉ ታመው ይሆን? እዚህ እኮ ሥራም አለ።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር

ልጄ፣ ያነሣሽው ጥያቄ ዋናው ነው። እነዚህ ወጣቶች ጥሩ ተናግረዋል፣ ግን ወባን ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ እሰጋለሁ።

እኔ በዚያ አካባቢ ኖሬያለሁ። ሙዙ በየትኛው ቀን እንደሚጫን ጠይቂ። መኪናው ወደ አዲስ አበባ ለመነሣት ሲቆም ዘንጋዳ የመሰለ ጎረምሳ ሁሉ ሸክም ላይ ነው፣ ሴቶቹ ልጆች ደግሞ እናታቸው ገበያ ስትወጣ ቤት ይጠብቃሉ። የቀሩበትን ቀን በሳምንቱ ቀን ለይተሽ ደምሪ። ሕመም ማክሰኞንና ዓርብን አይመርጥም። በአንድ ቀን ላይ የሚከማች መቅረት ካየሽ እሱ ሥራ ነው ወይም ገበያ ነው። ተከታታይ አራትና አምስት ቀን የቀረ ልጅ ግን አልጋ ላይ የነበረ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ልጁን እንኳ መጠየቅ አያስፈልግሽም።

ስለ ረኃቡ። አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆች ቁርስና ምሳ ይበላሉ። አንቺ ጋ ያ ከሌለ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜና ከዕረፍት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ አንድ አይደሉም። ፈተናሽን በየትኛው ሰዓት እንደምትሰጪ ጻፊው።

አንድ ከራሴ ልጨምር። ርዕሰ መምህር ከመሆኔ በፊት ስምንተኛ ክፍል አስተምር ነበር። የመጨረሻው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነበረኝ፣ ረጅም ስለሆነ ከኋላ አስቀመጥኩት። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን 8 ሁልጊዜ 3 አድርጎ ይገለብጣል። ለግማሽ ዓመት ግድ የለሽ ነው እያልኩ ኖርኩ። አንድ ቀን ጠመኔ አልቆብኝ ከደብተሬ በቃል ሳነብላቸው ያ ልጅ ሁሉንም በትክክል ጻፈ። አላየም ነበር። ፊት አመጣሁት፣ በሳምንቱ ሌላ ልጅ ሆነ። መነጽር ያገኘው ከዓመት በኋላ ነው። ያንን ግማሽ ዓመት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንድም ቀን ያልቀረችው ልጅሽን ነገ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጫት።

ስለ መጠየቁ ደግሞ። መጀመሪያ ርዕሰ መምህርሽን በጽሑፍ አስፈቅጂ። ቀጥሎ የወላጅ ስብሰባ ሲኖር ተነሥተሽ ተናገሪ፣ እሺ ያለ ወላጅ ይፈርም፣ እንቢ ያለው ልጅ ከቁጥሩ ይውጣ። ልጁን ክፍል ውስጥ፣ ጓደኞቹ ፊት «ምን አሞህ ነው» አትበይው። በጽሑፍሽ ላይ ስም አይግባ፣ ተራ ቁጥርም ቢሆን የስም መጥሪያው ቁጥር አይሁን።

የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ

ጋሼ ያሉት የሳምንት ቀን ነገር ግሩም ነው፣ እኔም ለራሴ ጥናት እወስደዋለሁ። ስለ ዓይንም ትክክል ናቸው። ምዕራብ ቻይና ውስጥ ከ250 በላይ ትምህርት ቤቶች የተሳተፉበት ጥናት አለ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2014 የታተመ። የማየት ችግር ላለባቸው ልጆች ነጻ መነጽር ሲሰጥ የሒሳብ ውጤታቸው ተሻሻለ። ሰሌዳው ሲታይ ትምህርቱ በቀጥታ ይገባል፣ በመሃል የሚያልፍ ነገር የለም። ለዚህ ይሆናል ከትላትሉ ይልቅ ውጤቱ ቶሎ የታየው ብዬ አስባለሁ።

የላብራቶሪ ባለሙያ

በአንድ ነገር ጋሼን ልቃወማቸው፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። ሕመም ቀን አይመርጥም ያሉት እውነት ነው፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግን ቀን ይመርጣል። ብዙ እናቶች የታመመ ልጃቸውን ይዘው የሚመጡት ገበያ ቀን ነው፣ ለአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ። ሰልፋችን የሚረዝመው ያን ቀን ነው። ስለዚህ በገበያ ቀን የቀረውን ሁሉ ሠራተኛ አድርገሽ እንዳትጽፊው።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር

ተቀብያለሁ። እሱን አላሰብኩትም ነበር።

የሒሳብ መምህርት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ርዕሰ መምህሩ ፈቅደውልኛል። ወላጆች የሚሰበሰቡት በሚቀጥለው ወር ነው፣ እስከዚያ ማንንም ስለ ሕመሙ አልጠይቅም። የጤና ኬላዋን ባለሙያ ግን አግኝቻታለሁ። የወሩን ድምር ልትሰጠኝ ተስማምታለች። የዚያችን ልጅ እናትም በእኔ በኩል አገኘቻት። ኪኒኑ ቤት ውስጥ፣ ግማሹ እንደተጠቀለለ አለ። ሰኞ አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደዋል።

የቀሩበትን ቀን በሳምንቱ ቀን ከፈልኩት። ጋሼ እንዳሉት አንድ ቀን ላይ ይከማቻል፣ ዓርብ ላይ። ግን ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ባለው ጊዜ ተከታታይ መቅረቱ በየትኛውም ቀን አለ። ሁለቱን በሁለት ቀለም አድርጌ በግድግዳ ወረቀት ላይ ሠርቼዋለሁ። ከአሁን ወዲያ ቀሪ ብቻ ብዬ አልጽፍም። ወላጆች ከፈቀዱ በኋላ ልጁ ሲመለስ ብቻውን ጠይቄው «ሕ» ለሕመም፣ «ሥ» ለሥራ፣ «ገ» ለገበያ አደርጋለሁ።

አንድም ቀን ያልቀረችውን ልጅ ፊት አምጥቼ አስቀመጥኳት። ከመጨረሻው ወንበር ሰሌዳውን እንደምታየው ጠየቅኳት፣ «አያለሁ» አለችኝ። አነበበችልኝም። ዓይኗ ደህና ነው። ቁርስ ምን በልታ እንደመጣች ስጠይቃት ሻይ አለችኝ። ሌላስ? ሻይ ብቻ።

ከጋምቤላው ወንድሜ የወሰድኩት ደግሞ ይኸው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት፣ ሬሾን እንደ አዲስ ማስተማር ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ ዘጠኝ ልጆች መጡ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጠው ልጅ መጥታለች። ደብተሯን ገልጣ እነዚያን ሁለት ባዶ ገጾች ፈለገቻቸውና እዚያው ላይ መጻፍ ጀመረች።